ከፍያለውን ማን ቀበረው ላላችሁ

ቁጭ በይ አሉኝ ቁጭ አልኩ፣ መቀመጥ ማንን ገደለ፣ አግዳሚው ግን አንድ እግሩ አጭር ነው፣ በተነፈስኩ ቁጥር ግው ግው ይላል፣ የቀበሌ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፣ የሚያስቀምጡሽ እንዳትቀመጪ አድርገው ነው፣ ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነው፣ መኳንንት ስልክ ተጠርቶ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ፣ ጓድ መኳንንት ማለት ነበረብኝ፣ ሊቀመንበራችን ነው፣ ንፍጡን በቀሚሴ የጠረግኩለት ሊቀመንበር፣ እማ ዘይቱና እስክመለስ ጣትዎን እዚህ ታች ላይ ያኑሩልኝ አለኝ፣ የማህተሙን ቀለም ከፍቶ አጠገቤ አኖረልኝ፣ ለሚያለቅስ ልጅ ከረሜላ እንደሚያቀርቡ። ምንድን ነው እሱ ወረቀት አልኩት። ምንም አይደል፣ ፕሮፌሰሩ መቀበሩን የሚመሰክሩበት ነው፣ ለሚስቱ ይጠቅማታል አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን መፈክር እያየ። ውሸታም ሰው ግድግዳ ይወዳል።

መሰከርኩ እንግዲህ። ከፍያለው ተቀብሯል። ከትናንት ወዲያ፣ ቀይ አፋፍ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ስትይ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር በግራ እጅ ባለው ተረተር፣ እሱ ራሱ ባለበሰው ደን መሃል፣ ቀባሪው ቅሬ፣ የመንደራችን የቀብር ማኅበር፣ ቦታውን ያሳየች ዘይቱና፣ ይሄን ለመመስከር ጣት ምን ያደርጋል አፍ እያለኝ፣ ሌሊት የሠራነው ሥራ አይደል፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጣው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ እያየ ነው ጀናዛውን ያወጣነው።

መኳንንት ግን አንድ የማያውቀው ነገር አለ። አነባለሁ። ቀስ እላለሁ እንጂ አነባለሁ፣ ፊደሉን እንደ ጥሬ አንድ አንድ እያነሳሁ፣ ድንጋዩን ከምስሩ እየለየሁ፣ ማንም አያውቅብኝም፣ የመሠረተ ትምህርቱን ጊዜ ሁሉም ያስታውሳል፣ ሦስት ቀን ሄጄ በአራተኛው ደብተሩ ላይ ተኝቼ ነው የተገኘሁት፣ መሃይምነት ከቀበሌያችን ጠፋ ተብሎ ሲጨፈር እኔ ጭፈራው ውስጥ ነበርኩ፣ መሃይምነቱም እኔ ውስጥ ነበር። እና መኳንንት ያችን መሃይም ዘይቱናን ነው ያስቀመጣት። እ፣ ኔ። እኔ። ወ፣ ይ፣ ዘ፣ ሮ። ወይዘሮ። ቸር ናቸው ዛሬ፣ ወይዘሮ ብለውኛል። ዘይቱና እንድሪስ የተባልኩት። ስሜን ታይፕ መታችው፣ ሸዋረጋ ናት ጸሐፊዋ፣ እዚያ ጥግ ተቀምጣ ትቀጠቅጣለች፣ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች፣ አንቺ ልጅ ምን ጻፍሽ በስሜ።

ሟ፣ ቹ። ሟቹ። ይሄን ቃል ለሱ። ሟቹ ይሉሃል ከፍያለው፣ ስም እንደሌለው፣ ሰው ሁሉ ፕሮፌሰር ይልህ ነበር፣ እኔ ብቻ ነኝ ከፍያለው የምልህ፣ አንቱ ብዬህም አላውቅ፣ የበኩር ልጄ እኩያ ነህ፣ አንተ ግን እኔን እርስዎ እማ ዘይቱና ነበር የምትለኝ፣ ባሕር ማዶ ተምሮ፣ ስለ ዛፍ መጽሐፍ ጽፎ፣ ለዩኒቨርሲቲ ልጆች ደን የሚያስተምር ሰው፣ እረፍት ባገኘ ቁጥር ያችን ክርኗ የተጣፈ ካኪ ኮት ለብሶ አውቶቡስ ላይ ተሰቅሎ እኛ ችግኝ ጣቢያ ይመጣል፣ ማንም ሳይቀጥረው፣ ቤተሰቦቹ ደሴ ሆጤ ናቸው፣ እዚያ አድሮ በጠዋት ቁልቁል ይወርዳል፣ መጀመሪያ የመጣ ቀን የቢሮ ሰው መስሎን ሁላችን ተነሥተን ቆምን፣ ቁጭ በሉ አለና ወንፊቱን ከጣይባ እጅ ወሰደ፣ ወንድ ልጅ አፈር ሲነፋ አይታ የማታውቅ ጣይባ አፏን በሻሿ ይዛ፣ ይሄን ሰውዬ ሚስቱ ቤት አታስገባውም መሰለኝ አለችኝ። ሰማት። ታስገባኛለች፣ ግን ደጅ አራግፋኝ ነው አላት። ከዚያ ወዲያ ማን ይፈራዋል።

ግው አለ አግዳሚው። ዝም በል አንተም።

የላስቲኩን ነገር ሳስታውሰው አሁንም ፊቴ ይግላል፣ ያን ዓመት አራት ሺህ ችግኝ ቀይ አፋፍ ላይ ተከልን፣ እኔ ነበርኩ የሴቶቹ አለቃ፣ እንደ ጉድ ተከልን፣ ክረምቱ ወጣ፣ ጥቅምት ገባ፣ ችግኙ ሁሉ ቆሞ ደረቀ፣ እንደ ሻማ። ሰይጣን ነው ያለ አለ፣ ቦታው የዱዓ ሐድራ ሳይደረግበት ነው ያለ አለ፣ ከፍያለው መጣና አንዱን ነቀለው፣ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ሆኗል፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ነው የቀበርነው፣ ሁሉንም፣ አራቱንም ሺህ። እማ ዘይቱና ለምን አልቀደዳችሁትም አለኝ። የመንግሥት ንብረት ነው፣ የቀደደ ይጠየቃል ተብለናል አልኩት፣ እውነቴን ነበር፣ ችግኙን ሲያስረክበን የፈረመው ሰው እንዲህ ነበር ያለን፣ ላስቲኩን እንደ ዓይናችሁ ብሌን፣ እኛም እንደ ዓይናችን ብሌን አድርገን ጉድጓድ ከተትነው። ይስቅብኛል ብዬ አንገቴን ቀና አደረግሁ፣ ሊስቅብኝ ሲል ልሰድበው ተዘጋጅቼ። አልሳቀም። ተቀመጠ፣ መሬት ላይ፣ ደረቁን ችግኝ ይዞ፣ ከዚያ በሺርን ጠየቀው፣ በሺር የቅሬያችን ዳኛ ነው ያኔም አሁንም፣ እናንተ ዘንድ ሬሳው ጉድጓድ ሲገባ ከፈኑን ምን ታደርጉታላችሁ አለው። ማሠሪያውን እንፈታለታለን አለ በሺር። የሞተውን ስትፈቱ ያልሞተውን እንደታሰረ ትቀብሩታላችሁ? አለ። ሴቶቹ ተያየን። በነጋታው ምላጭ ይዞ መጣ፣ አዲስ ለመጣው ችግኝ ላስቲኩን ሁሉ እየቀደደ ለእያንዳንዳችን አቀበለን፣ የተቀደደውን በጆንያ ሰበሰበና፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብሎ በራሱ ስም ፈርሞ ለመንግሥት መለሰው። ላስቲኩን ቆጥረው ተቀበሉት እኮ። አጃኢብ።

በ፣ መ፣ ን፣ ግ፣ ሥ፣ ት። በመንግሥት። የ፣ ደ፣ ን። በመንግሥት የደን ይዞታ ላይ። ኧኸ። ያለ ፈቃድ እንዲቀበሩ። እንዲቀበሩ ብለውታል፣ አንቱ አሉህ፣ በቁምህ አንተ ሲሉህ ኖረው። ቦታ በማሳየቴ። እኔ ነኝ ይቺ። ጥ፣ ፋ፣ ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ።

ቆይ።

ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ያው ነው፣ ለሚስቱ ይጠቅማታል አለኝ መኳንንት፣ ለሙሉመቤት፣ ሙሉመቤት ምን ትጠቀማለች የኔ ጥፋተኛ መሆን፣ ጥፋት ነው ወይ፣ ሰው መቅበር፣ ያረቢ። ደሴ እናቱ ቤት ተጋድሞ ዋለ፣ አደረ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ጴንጤ አላስገባም አሉ፣ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ከታሸገ ስንት ዓመቱ፣ የራሳቸው መቃብር የላቸውም፣ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ላካት፣ ሌላው ነገ ነይ አላት፣ ሬሳ ነገ ነይ ያውቃል ወይ፣ ሙሉመቤት ሦስተኛ ቀን ላይ ወደኛ ሰው ላከች፣ ሰዎቼ አፈር አጣሁ ብላ። አፈር አጣሁ። ያን ሁሉ አፈር ሲነፋ የኖረ ሰው። በሺር ቅሬውን ጠራ፣ ዋርካው ሥር ተቀመጥን፣ እነዚህ ቀበሌዎች ማኅበር ሲባል ባንዲራና መፈክር ይመስላቸዋል፣ የኛ ማኅበር ዶማና ቃሬዛ ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚሸከሙት፣ አያቶቻችን ከሞት ጋር የተዋዋሉት፣ በሺር አለ፣ ሰዎች፣ ይሄ ሰው ቅሬያችን ነው ወይ። አንዱ ሆጤ ነው ቤቱ አለ፣ አንዱ ስሙ አልተጻፈም አለ፣ አንዱ ጴንጤ ነው አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ ተነሣሁ። ሴት በቅሬ ሸንጎ ስትነሣ ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ጠረጉ፣ ይጥረጉ። በሰባ ሰባት ረሃብ ዶማ የያዘ እጁን ያውጣ አልኩ። መጠለያው ሜዳ ላይ ቀን በቀን ያን ሁሉ ሰው ስንቀብር ከወንዶቻችሁ ውስጥ መቆም የቻለ ስንት ነበር፣ ቁጠሩ፣ ሰባት፣ ስምንተኛው ማን ነበር አልኩ። በሺር አንገቱን ደፋ። ስምንተኛው ማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

ያን ዓመት አላነሳም ብዬ ነበር። ከአፌ አላወጣም ብዬ።

ከኩታበር ከዚያም ከዚያም የመጣው ሰው ሜዳውን ሞልቶት፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ይሁን ትቶት ይሁን አላውቅም ከፍያለው መጣ፣ ስንዴ አከፋፍል ሲሉት ይሄ አንዳችሁንም አያቅታችሁም ብሎ ዶማ አነሣ፣ መሬቱ ደርቆ ዶማውን ያነጥረዋል፣ ከጅቡ እንዲያመልጡ ጠለቅ አድርጎ ይቆፍራል፣ በሺር በረሃብ አፉ ቀልድ አይተውም፣ እናንተ ጴንጤዎች ቀብር ላይ አታለቅሱም ይባላል፣ እውነት ነው? አለው። ከፍያለው ቀና አላለም፣ እየቆፈረ፣ ዛሬ እኔ አምስቱን ቆፍሬያለሁ፣ እርስዎ ሁለቱን፣ ማልቀሱን እንከፋፈላለን አለው። ስድስተኛው የለይላ ነበር። የኔ ለይላ። ልጄ። መቆም አቅቶኝ በእጄ ድኼ ነው የሄድኩት፣ ጉድጓዱ እጥር ምጥን ያለ፣ ትንሽ፣ ተካክሎ የተቆፈረ፣ ጠርዙን በመዳፉ አልስልሶታል፣ ሬሳ ምን ለስላሳ ያውቃል፣ ግን አልስልሶታል፣ እኔ አየሁት። በቃ። ከዚህ በላይ አልሄድም።

ወላሂ ከዚህ በላይ መሄድ አለብሽ ዘይቱና። ወረቀት ይዘሽ ተቀምጠሽ ወዴት ትሸሺያለሽ።

ለይላ በሄደች በወሩ ነው። ስንዴ ተመዝገቡ ተባለ፣ ተሰለፍን፣ ጠረጴዛ ነበር፣ ወረቀት ነበር፣ ይሄው እንዲህ ቀለም ነበር፣ የያኔው ሰውዬ መኳንንት አልነበረም፣ ሌላ ነው፣ ተዛውሯል፣ ጣትሽን አለኝ፣ ሰጠሁት፣ ስንዴውንም ሰጠኝ፣ ለአንድ ወር፣ በላሁት። በሳምንቱ ከፍያለውን ከችግኝ መደቡ መሃል አንሥተው ወሰዱት፣ እጁ ላይ ጭቃው እንዳለ፣ እኔ ነኝ እሪ ያልኩት፣ እኔ ነኝ ምን አደረጋችሁ ብዬ የመኪናውን በር የያዝኩት፣ በእጄ፣ በዚሁ እጄ። ስምንት ወር። ሲወጣ ጎኑን ይዞ ነው የሚራመደው፣ ሳሉ አልለቀቀውም፣ እስከ ባለፈው ሳምንት፣ እስኪገድለው ድረስ፣ ከማስተማሩም አወጡት፣ በቀጥታ ወደ ቤቱ አልሄደም፣ ችግኝ ጣቢያው መጣ፣ ከሁሉ በፊት ወደኔ መጥቶ፣ እማ ዘይቱና ሰላም ነዎት፣ ዋንዛው በቀለ ወይ አለኝ። በቀለ አልኩት። እኔ ምን አውቄ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ምን አውቄ። ከዚያ ይቺ ሸዋረጋ፣ ይቺው ጥጓ ላይ ያለችው፣ አዲስ የተቀጠረች ጊዜ፣ አሮጌ መዝገብ ስታስተካክል አየችው፣ መንገድ ላይ አስቁማ፣ እማ ዘይቱና አይቆጡኝ እንጂ አለችኝ፣ ያኔ የስንዴ ብለው የፈረሙት የስንዴ አልነበረም። ምስክርነት ነው። ፕሮፌሰሩ ሰው ሰፈራ እንዳይሄድ ይቀሰቅሳል፣ በሥራ ቦታ የመጤ ሃይማኖት ጸሎት ያካሂዳል፣ መስካሪ ዘይቱና እንድሪስ፣ የጣት ምልክት። ሰፈራ አትሂዱ አላለም፣ የሄደ ሰው የተከለውን ለማን ይተዋል ብሎ ነው የጠየቀ፣ መጠየቅ ነው፣ ጸሎቱ ደግሞ ቆሎውን ከመቃሙ በፊት ዓይኑን መጨፈኑ ነው፣ በቃ ያ ነው፣ እኛ ቢስሚላሂ ስንል እሱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ለዚያ ስምንት ወር፣ ለዚያ የጎኑ አጥንት፣ በኔ ጣት፣ የለይላን ጉድጓድ ያለሰለሰውን ሰው።

ሄድኩ። ምን አደርጋለሁ፣ ሄድኩ፣ አፈር እየነፋ አገኘሁት፣ አልተቀመጥኩም፣ አንተ ታውቅ ነበር አልኩት፣ ምኑን ሳልል። ወንፊቱን አቆመ። አውቅ ነበር አለ። እንዴት አወቅህ። ምርመራ ላይ አሳይተውኛል፣ ስምዎን ሸፍነው፣ ጣቱ ግን መሃሉን በማጭድ የተቆረጠ ነው፣ ጠባሳው አብሮ ታትሟል፣ አውራ ጣትዎን አፈር ውስጥ ስንቴ አይቼዋለሁ አለኝ። አውቀህ ነው እንግዲህ ከእስር ወጥተህ መጀመሪያ ወደኔ የመጣኸው። ለምን አልነገርከኝም አልኩት፣ ጮኼ ነው፣ ሴቶቹ ዞር አሉ። ቀስ ብሎ፣ የለይላ አፈር ሳይደርቅ ነበር እኮ የፈረሙት፣ በላዩ ምን ልጨምርብዎት አለኝ። ይቅር በለኝ አላልኩትም። ይሄው እስከዛሬ አላልኩትም፣ አልለምድም፣ ከእናቴ አልተማርኩትም፣ ቆሜ ቀረሁ፣ እሱም መልሶ መንፋት ጀመረ፣ ከዚያ ቀና ሳይል፣ ከነገ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ዘር ቤቱ ይምጡ አለኝ። ለምን። ጣሳዎቹ ላይ ስም ጽፌያለሁ፣ የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኛል። የእርዳታ ወተት ጣሳ ነው፣ ዘር የሚያኖርበት፣ አንድ አንዱን እያነሣ፣ ወ፣ ይ፣ ራ። ጥ፣ ድ። ብ፣ ሳ፣ ና። ስሳሳት አይቆጣም፣ ክዳኑን ይከፍትና ዘሩን ያሸተኛል፣ አሁንስ ይለኛል፣ በአፍንጫዬ ነው ማንበብ የጀመርኩት፣ ማን ያምናል፣ ስልሳ ዓመት አልፎኝ፣ ከእኩዮቼ ተደብቄ፣ ወዳጅ ልታይ እንደምትሄድ ኮረዳ። ዓመት ፈጀብን። ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ ያነበብኩ ቀን፣ ከእንግዲህ አለ፣ ከእንግዲህ ጣትዎ ያለ ፈቃድዎ የትም አይሄድም።

አሁን ጣቴ የት ነው። ጭኔ ላይ ነው። አይሄድም።

የመጨረሻው መስመር ቀርቷል። አ፣ ስ፣ ከ፣ ሬ፣ ኑ። አስከሬኑ። ከ፣ ተ፣ ቀ። ከተቀበረበት። እንዲነሳ። አስከሬኑ ከተቀበረበት እንዲነሳና ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ተስማምቻለሁ።

ሱብሃነላህ።

ሊያወጡህ ነው። በኔ ጣት። እንደገና በኔ ጣት፣ እንደገና ቀለም ከፍተው፣ እንደገና ይጠቅማል ብለው፣ በሕይወትህ ከመደብ መሃል አንሥተው የወሰዱህ አልበቃቸውም፣ ወደ ሌላ ቦታ ማለት የት ነው፣ ቦታማ ቢኖር ሙሉመቤት ሦስት ቀን ትንከራተት ነበር ወይ፣ አውቃለሁ ለምን እንደሆነ፣ ማክሰኞ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ፣ ሰሌዳው ውጭ ግድግዳው ላይ ተደግፏል ስገባ አይቼዋለሁ፣ በአብዮታዊ ዘመቻ የለማ ሞዴል ደን ይላል፣ አንብቤዋለሁ፣ እንዳላነበብኩ አልፌዋለሁ፣ ዘመቻው ላስቲክ ሲቆጥር አልነበር ወይ፣ እና እንግዶቹ ሲመጡ በሞዴሉ ደን መሃል ታስሮ የወጣ ጴንጤ ተጋድሞ ማግኘት የለባቸውም። አግዳሚው ከልቤ ጋር ይመታል። ልፍራ እንዴ። ትንሽ ልፍራ፣ ሰው ነኝ፣ እስኪመለስ። በቃ ፈራሁ። ጨረስኩ።

በሩ ይከፈታል። መኳንንት ነው፣ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል፣ ስልክ እንዲህ የሚያልበው ሰው። አኖሩልኝ እማ ዘይቱና? ይላል።

አንብቤ ሳልጨርስ? እላለሁ።

ይስቃል፣ ጥርሱ እንደ አባቱ ነው፣ ሸዋረጋ አብራው ትስቅ እንደሆነ ዞር ብሎ ያያል፣ ሸዋረጋ መቀጥቀጧን አቁማለች። እማማ ጊዜ የለኝም ይላል፣ ምስክርነት ነው ብዬዎታለሁ። ወረቀቱን አነሣለሁ፣ ከዓይኔ አርቄ፣ ቅርቡን አላይም፣ ጮክ ብዬ፣ አስከሬኑ፣ ከተቀበረበት፣ እንዲነሳና። አንድም አልዘለልኩም፣ ተስማምቻለሁ የሚለውን ደግሞ ሁለት ጊዜ። መሐረቡ ግንባሩ ላይ ቀረ። ማን አነበበልዎት ይላል፣ ወደ ሸዋረጋ ሲያይ ልጅቷ አመድ መሰለች፣ እሷን ተዋት፣ ያስነበበኝን ከትናንት ወዲያ ቀብሬዋለሁ እላለሁ።

ይቀመጣል። አጠገቤ፣ አግዳሚው ላይ፣ አሁን አግዳሚው ዝም አለ፣ ሁለት ሰው ሲጫነው ይረጋል ለካ። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጓዱ ይወርድና የሰፈሬ ልጅ ይመጣል፣ እማ ዘይቱና ይረዱኝ ይላል፣ እኔም በላይ አለብኝ፣ አሁን በስልክ የሚሉኝን ቢሰሙ፣ ሰውዬውን እኔም አልጠላውም፣ በክብር እናነሣዋለን፣ ጣውላ ሳጥን እሠራለታለሁ፣ ብቻ ከማክሰኞ በፊት፣ እርስዎ ቦታውን ያሳየሁ እኔ ነኝ ተሳስቻለሁ ካሉ ቅሬው አይነካም፣ በሺርም አይነካም፣ እምቢ ካሉ ግን እርስዎን ወደ ላይ መላክ ግዴታዬ ነው፣ በዚህ እድሜዎ። በዚህ እድሜዬ። ያሳዝናል ሲናገረው፣ የእውነት ያሳዝናል፣ ፈርቷል፣ ፍርሃቱን ተሸክሞ ለኔ ሊያሸክመኝ ነው የመጣ፣ በሺር ትናንት እሱም እዚህ ተጠርቶ ሲወጣ ያለኝን አሁን ገባኝ፣ ቦታውን ያሳየችው ዘይቱና ናት ብያቸዋለሁ፣ የቅሬው ቃል ባንቺ አፍ ነው አለኝ፣ ሸሸ ብዬ አማሁት፣ አልሸሸም፣ ከሱ ይልቅ የኔን ምላስ አምኖ ነው።

ላከኝ እላለሁ። ዛሬም ከሆነ ዛሬ፣ ነገም ከሆነ ነገ፣ አልፈርምም፣ ጥፋተኛም አይደለሁም፣ አሁን ደግሞ የቅሬውን ቃል ስማ፣ ትናንት ዋርካው ሥር ተቀምጠን የጨረስነው ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን ብሎበታል። ከፍያለው ቅሬያችን ነው። የኛን ሙት ቀብሯል፣ ቀብረነዋል። እሱን ያወጣ፣ አውጡ ብሎ ያዘዘ፣ ዶማ ያበደረ፣ ከቅሬ ወጥቷል። ቤቱ ለቅሶ ቢገባ ደጁን አንረግጥም፣ ቃሬዛ አናውስም፣ ውሃ አናቀብልም፣ አፈር አናለብስም። ፓርቲህ ይቅበረው።

ሸዋረጋ አፏን በእጇ ይዛለች። ይሄን ያህል ዓመት ብዙ ነገር ወርሰዋል፣ መሬቱን ቤቱን ወፍጮውን፣ ቅሬን ግን እንዴት እንደሚወርሱት አላወቁበትም፣ ወሎ ላይ ሰው ጥይት ይችላል፣ እስር ይችላል፣ ያለ ቀባሪ መቅረትን ግን ሹምም አይችለው፣ ይሄው አየሁት፣ እጁ ጉልበቱ ላይ እንደ ልጅ እጅ ሆኖ። ከዚያ በማይሰማ ድምፅ፣ ወለሉን እያየ፣

እናቴንም? አለ።

አስናቀችን። ወይ አንተ። አስናቀችን ማለቱ ነው፣ ሦስት ወር ከአልጋ ሳትወርድ ቆይታ ከትናንት ወዲያ ተደግፋ ቀይ አፋፍ የወጣችውን፣ ጴንጤዎቹ መዝሙራቸውን ፈርተው በአፍንጫቸው ሲያዜሙ፣ እኛ እጃችንን ዘርግተን ዱዓ ስናደርግ፣ ኧረ ይሄን ሰው ድምፅ አውጥቶ የሚያለቅስለት የለም ወይ ብላ ደረቷን ይዛ የጮኸችውን፣ የሊቀመንበር እናት መሆኗን ረስታ፣ ወይም ሳትረሳ፣ እሷን ነው የሚጠይቀኝ፣ ሐኪም የነገረው ነገር አለ መሰለኝ፣ ከእንግዶቹም ከስልኩም ይልቅ ይሄ ነው ያላበው። አዎ ካልኩት ወረቀቱን አሁን ይቀደዋል። አዎ በይ ዘይቱና። አንዲት ቃል ናት። አሸንፈሽ ትወጫለሽ።

አልችልም። አስናቀችን ያለ ቀባሪ ብዬ አላስፈራራም፣ ለከፍያለውም ብዬ አላደርገውም።

እናትህንማ እንቀብራታለን እላለሁ። በክብር፣ ቅሬው ሁሉ ወጥቶ፣ እኔ ራሴ ፊት ፊት ሄጄ፣ አንተ ብትታሰርም ብትሾምም፣ እሷ የቅሬ ድርሻዋን ከፍላለች። እኔ የምልህ ስላንተ ነው፣ እሱን ካወጣህ አንተን ማን ይቀብርሃል።